ሐበሺያ በላች?

ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ መሪማ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ቢስቲማ እንዴት ከረመች? ጉልበትዎስ በረታ? ዝናቡ በወጉ ወጣላችሁ? እኔ አልሃምዱሊላህ፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ጥቅምት ነው ብዬ ሹራብ ይዤ መምጣቴን ያዩ የአገር ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

ስልኬን መዳም ከፓስፖርቴ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። «ሥራሽን ልይ፣ ባዕዴን ኢንሻአላህ እሰጥሻለሁ» ትለኛለች፤ ባዕዴን ማለት በኋላ ነው። የርስዎም ስልክ ጉብታው ላይ ካልወጡ አይሠራ፤ እዚያ ቆመን ጓዳችንን ለአገር ከምናሰማ ደብዳቤ ይሻለናል። ይህን የምታመጣልዎ ሸዋአለም ናት፤ ያቺ ከኮምቦልቻ በርበሬና ሽሮ እያመላለሰች ቡሪ ሰፈር ላሉት ሐበሾች የምትሸጠው። ዓርብ መዳም እናቷ ዘንድ ስትሄድ በሩ ላይ ብቅ ትልልኛለች።

የገባሁበት ቤት ቪላ ነው። መዳም አለች፣ ሙዲር የሚሏቸው ባሏ አሉ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው፣ ዳውድ የሚባል ገፊር በር ይጠብቃል። ሥራው ብዙ ነው፤ ግን ሥራ ገድሎኝ አያውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ልብዎን ያዝ አድርገው ያንብቡት። ከሳሎኑ በስተጀርባ ሁልጊዜ የሚቆለፍ ክፍል አለ። ኤሲው አይጠፋም። እንዳልጠጋ ተነግሮኛል። ሙዲሩ ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚጠይቁት «ሐበሺያ በላች?» ብለው ነው። የመጀመሪያ ቀን እኔን መስሎኝ «በላሁ፣ ሹክራን» አልኩ። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እኔን አይደለም። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሐበሻ ሴት አለች። ዐረብኛዬ ገና ጥሬ ነው፤ ይህን ያህል ግን ይገባኛል። «ሐበሺያ ዛሬ ተቆጥታለች» ይላሉ። «አራት ዓመት እዚህ ኖራ እስካሁን ብርሃን አትወድም» ይላሉ።

ሉጥፊያችን ከጠፋች አራት ዓመቷ አይደል? በመጨረሻው ደብዳቤዋ «ሪያድ የሚባል ሰፈር ትልቅ ቤት ገባሁ» አላለችም? እኔ ምንም አላልኩም። ብቻ ይወቁት ብዬ ነው። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሀኒፋ


ቢስቲማ
ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለዓይኔ አበባ ለሀኒፋ፤

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነበርኩ፤ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ።

«ምንም አላልኩም» ትያለሽ? ሰው ጎጆ ላይ እሳት ለኩሶ ምንም አላልኩም ይላል? ስለ ሹራብሽ አንድ ገጽ ጽፈሽ ስለ ልጄ ሦስት መስመር! ደብዳቤውን እኔው ራሴ ነው ያነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ነፍሱን ይማረውና ባሌ «የወረዳ ጸሐፊ ልትሆኚ ነው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ይኸው ለዚህ ቀን ሆነልኝ።

ስሚኝ። መዳምን አትጠይቂ፣ ነገር ያሸታታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ከሰዓት ሁሉም ጋደም ሲሉ ወደዚያ በር ጠጋ በይና አንኳኪ። እንዲያው በደፈናው እንዳታንኳኪ። ሉጥፊያ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ እንዴት ታንኳኳ እንደነበር ታስታውሻለሽ? እጇ በዱቄቱ አቁማዳ ስለሚያዝ በክርኗ ነበር፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ አንድ ከበድ ያለ። ያንን ሲሰማ የጎረቤት ውሻ እንኳ አይጮህም ነበር። እሷ ከሆነች ትመልስልሻለች። ካልሆነችም የሰው ልጅ ናትና «አይዞሽ» በያት።

ገንዘብ እንዳትልኪ። ወሬ ነው የምፈልገው፤ የሷን ወሬ ብቻ።

አክስትሽ መሪማ


ካርቱም
ጥር 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ መሪማ፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱም ትንሽ ቀለል ብሏል።

አደረግሁት። መጀመሪያ ፈርቼ በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁ። ዝም። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ የሆነ የሚያጉረመርም ሞተር ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ እርስዎ እንዳሉኝ በክርኔ አንኳኳሁ፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ፋታ፣ አንዴ ከበድ። አክስቴ፣ መለሰችልኝ! ዱም! ግድግዳው ሁሉ ነው የተነቃነቀው። «ሉጥፊያ! እኔ ነኝ፣ ሀኑ ነኝ!» አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ አንኳኳሁ። ዱም! ከበሩ ሥር ውሃ ፈስሶ እግሬን አረጠበኝና ሮጬ ወጣሁ። 

ሌላም የሰማሁትን ልንገርዎ። መዳም ለእናቷ ስትነግራት ሐበሺያ በጣም ወፍራለች፣ ቤቱ ጠቧታል። ባለፈው የዳውድን እጅ ነክሳ አቁስላዋለች። በየቀኑ የዶሮ ልብና ጥሬ ዓሣ በባልዲ ይገባላታል። ጥሬ ነው የምልዎ። እኔ እጠብና እቆራርጣለሁ፤ የሚያስገቡት ሙዲሩ ራሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። የዚህን ቤት ልብስ ሁሉ የማጥበው እኔ ነኝ፤ የሷ ልብስ ግን አንድም ቀን ለእጥበት ወጥቶ አያውቅም። ሳህንም ብርጭቆም አይወጣም። ስታስል አልሰማሁም፤ ስታለቅስም። አንዳንዴ ብቻ እንደ ማጓራት የሚል ነገር አለ። ይህን የምጽፈው እንዲጨነቁ አይደለም።

ሀኒፋ


ቢስቲማ
የካቲት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሀኑዬ፤

ወአለይኩሙ ሰላም! አላህ አፍሽን ያጣፍጠው፣ የወለድሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። መለሰች! ልጄ መለሰች! ደብዳቤሽን አንብቤ ከቤት ስወጣ ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አዛብቼ ነበር አሉ።

ሰደቃ አወጣሁ። ጀማው ተሰብስቦ ዱዓ አደረገ፣ ሴቱ እልል አለ። «ልጅሽን ውሃ በልቷታል» ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ መጥተው ጉልበቴን ሳሙ። እኔም አልኮፈስ? ትንሽ ተኮፈስኩ፤ አራት ዓመት አቀርቅሬ ነው የሄድኩት።

ልብስ አይታጠብም ያልሽውን አሰብኩት። ታማ ይሆናል። ሰው የታመመ እንደሆነ አንድ ልብስ ለብሶ ይከርማል። ጥሬ ነገርም ሐኪም አዞላት ይሆናል፤ ዘንድሮ ሐኪም የማያዘው የለም። ያጓራችው ደግሞ አማርኛ ጠፍቷት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማን አነጋገራት?

ቀይ ሻሽ በሸዋአለም ልኬላታለሁ። በሩ ሥር ክፍተት ካለ አሾልኪላት። «ይህን እናትሽ ላከችልሽ» በያት። እናትሽ ማለቱን እንዳትረሺ።

መሪማ


ካርቱም
ግንቦት 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ መሪማ፤

አሰላሙ አለይኩም። ሸዋአለምን ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን የሰደድኳት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤውን እየጀመርኩ እቀደው ነበር። አክስቴ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከወር በላይ ይሆናል፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። እዚህ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል፤ ያን ቀን ጀነሬተሩም እምቢ አለ። ውጭው ሐቡብ ነበር፤ አቧራው ፀሐይዋን ጋርዷት ግቢው ሁሉ ቀልቷል። መዳም «ሐበሺያ ልትሞት ነው! በረዶ! ሞያ! ያላ፣ ያላ!» እያለች ጮኸች። ሞያ ውሃ ነው። ባልዲ አስያዘችኝና ያንን በር በረገደችው። እኔ «ሉጥፊያ!» ብዬ ጮኼ ነው የገባሁት።

ሰው የለም። አልጋ የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የመስተዋት ገንዳ ነው፤ ውስጡ አንድ ዓሣ። የሐይቃችንን አምባዛ ያውቁት የለ? እንደሱ ጢማም ናት፤ ርዝመቷ ግን ከእግሬ እስከ ደረቴ ይሆናል። ጀርባዋ ጥቁር፣ ጎኗ ነጭ፣ ጅራቷ ሂና የሞቀች ይመስል ቀይ። አፏን ስትከፍት የሰው ጭንቅላት ያስገባል። ሐበሺያ እሷ ናት። የምትበላው እሷ ናት፣ የምትቆጣው እሷ ናት፣ ቤት የጠበባት እሷ ናት። ለካ በዐረብኛ ዓሣ እንደ ሴት ነው የሚጠራው፤ እኔ ደንቆሮ ምኑን አውቄ! እያለቀስኩ በረዶ ጨመርኩ። መዳም ዓሣዋን ፈርቼ መሰላት።

መብራት ሲመጣ መዳም ደስ ብሏት ልቧ ተከፈተና ታወራኝ ጀመር። ሙዲሩ ከዱባይ ሲያመጧት ከጣት አትበልጥም ነበር አለች። ከብራዚል ወንዝ የመጣች ናት ብለው ሸጡላቸው፤ ይህን ያህል እንደምታድግ የነገራቸው የለም። ያሳደገቻት ያኔ የነበረችው ሠራተኛ ናት። ባልዲውን በሁለት እጇ ይዛ መስተዋቱን እያንኳኳች ትጠራት ነበር። «እንዴት?» አልኳት። መዳም እየሳቀች አሳየችኝ። በክርኗ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ፋታ፣ አንድ ከበድ ያለ። ዓሣዋ ከወለሉ ተነስታ መጥታ መስተዋቱን በራሷ መታችው። ዱም።

አክስቴ፣ ሉጥፊያ እዚህ ነበረች።

«ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። «ሐበሺያ ነበር የምንላት» አለች። «ስትሄድ ልጄ ሐበሺያ፣ ሐበሺያ እያለች አላስቀምጥ አለችን፤ ስሙን ለዓሣዋ ሰጠናት።» «የት ሄደች?» ስላት «ራሐት» አለችኝ፤ ሄደች ማለት ነው። ፊቷን አዞረችና ኻላስ፣ ወሬው አለቀ።

ይቅር ይበሉኝ።

ሀኒፋ


ቢስቲማ
ሰኔ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለሀኒፋ፤

ወአለይኩሙ ሰላም። ረመዳን ነው፣ ክፉ እንዳልናገር ምላሴን ነክሼ ነው የምጽፈው።

ለዓሣ ነው ሰደቃ ያወጣሁት? ለዓሣ ነው አገር እልል ያለልኝ? ያንን ሻሽ ምን አደረግሽው፣ ጢሟ ላይ አሰርሽላት? ጎረቤቶቼ «ሉጥፊያ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ወፍራለች» እላቸዋለሁ። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ አንድ ጊዜ ሶላት ላይ ሆኜ «በክርኗ» ያልሽው መጣብኝ። ሶላቴን አቋርጬ ተቀመጥኩ። ያንን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጄ እዚያ ቤት ቆማ ዓሣ አብልታለች። እኔን በምትጠራበት አንኳኳ ነው ያንን አውሬ የጠራችው።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይሉ ነበር። የቤቷን ስም ማን ተቀበላት? ያኔ ሸዋአለም ሪያድና አል-ጣኢፍ የሚባሉትን ሰፈሮች ዞራ በየበሩ «ሉጥፊያ አለች?» ስትል «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» ያሏት ለካ ዋሽተው አይደለም። እውነታቸውን ነው፤ አያውቋትም። ምናልባት ከበሩ በስተኋላ ቆማ ስሟ ሲጠራ ሰምታ ይሆናል። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሁን ሁለት ነገር እነግርሻለሁ፤ ሁለቱም እርስ በርሱ ይጣላል። አንዱ፣ ውጪ ከዚያ ቤት። ሁለተኛው፣ የት እንደሄደች ሳትጠይቂ አትውጪ። የቱን ላስቀድም? እናት ነኝ። ጠይቂልኝ። ደግሞ ስምሽን ንገሪያቸው። «ሀኒፋ ነኝ» በያቸው፤ በስምሽ ካልጠሩሽ አቤት አትበይ።

መሪማ


ካርቱም
ነሐሴ 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእትዬ መሪማ፤

አሰላሙ አለይኩም። ኢዱ እንዴት አለፈ? እኔ ደህና ነኝ። ሸዋአለም በር ላይ ስለምትጠብቀኝ ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው።

ስሜን ነገርኳቸው። መዳም «ሐበሺያ!» ስትለኝ ዝም አልኩ። ደግማ ስትጠራኝ «ሀኒፋ ነው ስሜ» አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። በማግሥቱ ፍራሼን አስነስታ ከዓሣዋ ክፍል አስገባችኝ። «መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ጠብቂው» አለችኝ። እውነት ነው፣ ከጥግ የተነሳ ነጭ መስመር አለ፤ ዓሣዋ ዞራ መተኛት አቅቷት ጅራቷን አጥፋ ነው የምትውለው። ድንጋይ ሳይቀር ትውጣለች፣ ሲያስጠላት መልሳ ትተፋዋለች። መብል ግን ትታለች። ባሕሩ ሞልቷል፣ ወደዚያ ወስደን እንልቀቃት እያሉ ይመካከራሉ። ባሕር የሚሉት ናይልን ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከሳሎን «ሐበሺያ!» ብለው ሲጣሩ ሁለታችንም ዞር እንላለን። እኔ አልዞርም ብዬ ምዬ ነበር፤ አንገቴ ግን እሺ አይለኝም።

ዳውድን ጠየቅሁት። «ከኔ በፊት የነበረችው ሐበሺያ የት ሄደች?» ስለው ዙሪያውን ቃኘ። «ሉጥፊያ ናት ስሟ» አልኩት። አክስቴ፣ ስሙን ያውቀዋል! በእጁ አፉን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እሷም አንድ ቀን ስሜ ይህ ነው ብላ ነበር» አለኝ። የቀረውን በሚመጣው ዓርብ፣ እነሱ ዓሣዋን ይዘው ሲወጡ እንደሚነግረኝ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል። እንደነገረኝ እጽፍልዎታለሁ። ቡሪ ለሸዋአለም ዘመዶች ወረቀቱን እሰጣለሁ፤ ፓስፖርት ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ከዚያ ወዲያ እዚህ አልቆይም።

ዱዓ ያድርጉልኝ። እውነቴን ነው፣ ያድርጉልኝ።

ሀኒፋ


ቢስቲማ
ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀኒፋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ባለሽበት ሁሉ። ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሁለቱን ሸዋአለም ሳይከፈቱ መለሰችልኝ። ይህንንም ለማን እንደምትሰጠው አላውቅም፤ ብቻ ጽፌ እሰጣታለሁ።

ከካርቱም የተመለሰችው ትናንት ነው። ቡሪ ወረቀትም ቃልም አላደረስሽም አለችኝ። በሩ ላይ ሄዳ ዳውድን ብትፈልግ የለም፤ አዲስ ገፊር ነው ያለው። «ሀኒፋ አለች?» ብትለው «እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» አላት። «ሐበሺያዋስ?» ስትለው «እሷንማ እኔ ሳልመጣ ነው ቡሪ ጋ ባሕር ውስጥ የከተቷት» አላት።

ሸዋአለም ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። «አንቺ ሞኝ፣ ዓሣዋን እኮ ነው! ሐበሺያ ዓሣ ናት!» አልኳት። አንድ በአንድ አስረዳኋት፤ ጢሟን፣ ቀይ ጅራቷን፣ የተሰነጠቀውን መስተዋት። እሷ ግን አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። «ምን ሆነሻል?» ስላት የቀረውን ነገረችኝ። በሩ ተከፍቶ አንዲት ልጅ ባልዲ ይዛ ወጣች አለች። የኛ አገር ልጅ፣ ገና ጉብል። «ስምሽ ማን ነው?» ብትላት «ሐበሺያ ነው የሚሉኝ» አለቻት። ባልዲው ውስጥ ያለው የዶሮ ልብ ነበር።

ሀኒፋ፣ ዓሣዋ ባሕር ከገባች የዶሮ ልቡ ለማን ነው?

ይህን አልጠየቅሁም። ለሸዋአለምም አላልኳትም፤ እሷም ገብቷታል መሰለኝ ቶሎ ተሰናብታኝ ሄደች። ሌላ ዓሣ ገዝተው ይሆናል እላለሁ። ለድመት ይሆናል እላለሁ። አንቺም ዳውድ የነገረሽን ሰምተሽ፣ ሉጥፊያ ያለችበትን አግኝተሽ፣ ሁለታችሁም የሆነ ቦታ ተቀምጣችሁ «ይህቺ አሮጊት አሁን ስንት ነገር ታስባለች» እያላችሁ ትስቁብኛላችሁ እላለሁ። ሳቁብኝ። እኔ እንድትስቁብኝ ነው የምፈልገው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት እኔ ነኝ። «ጠይቂልኝ» ባልልሽ ኖሮ! «ስምሽን ንገሪያቸው» ባልልሽ!

ለሸዋአለም ነግሬያታለሁ፤ በሚቀጥለው ስትሄድ «ሀኒፋ አለች?» ብላ አትጠይቅም፣ «ሐበሺያ አለች?» ብላም አትጠይቅም። በሩን በክርኗ ታንኳኳለች፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ፋታ፣ አንድ ከበድ ያለ። ከሷ ጋር አብሬ ብሄድ ብዬም አስቤአለሁ። ግን የሚመልስልኝን ፈራሁት፤ አላህ ያውቃል፣ ፈራሁት።

ገንዘብ አልልሽም፣ ወሬም አልልሽም፣ የሉጥፊያንም ነገር ተይው። በብጣሽ ወረቀት ላይ ስምሽን ብቻ ጻፊና ላኪልኝ። እጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ።

የሉጥፊያ እናት፣ የሀኒፋ አክስት፣
መሪማ